የዘጠኝ ወር ልጄ ከተፈጨ ምግብ ውጭ አልቀበልም አለች

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሴት ልጄ ዘጠኝ ወር ተኩል ሆኗታል። ጡት ትጠባለች። ስድስት ወር ሲሞላት ምግብ ጀምሬላት ነበር፤ እስካሁን የምትበላው ግን ሁሉንም ነገር ብሌንደር ውስጥ ከትቼ፣ እንደ ወተት አቅጥኜ ስሰጣት ብቻ ነው። ትንሽ ጓል ነገር አፏ ከገባ ፊቷ ይቀላል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ «ኧክ» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ድንች በሹካ ደቁሼ ብሰጣት የበላችውን ሁሉ አስመለሰችው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወደ ብሌንደሬ ተመለስኩ። ባለቤቴ «ታንቃ ትሞትብናለች፣ ተያት» ይላል። አማቴ ደግሞ «ጥርሷ ሁለት ብቻ ነው፣ በምን ታኝከዋለች? ጥርስ እስክታወጣ ጠብቂ፤ እንቁላልም እስከ ዓመቷ እንዳትሰጫት» ይሉኛል። በእሷ ዕድሜ ያለ የጓደኛዬ ልጅ ሙዝ በእጁ ይዞ ሲገምጥ አይቼ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ስልክ ካልከፈትኩላት ደግሞ ጭራሽ አፏን አትከፍትም። ልጠብቅ ወይስ ልጀምር? ከጀመርኩስ እንዴት?
— የጨነቃት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቂ፤ ጀምሪ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ እንድትቆዪ የሚያደርግ ምክንያት አላገኘሁም። ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱትን ምልክቶች ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ፤ አንቺ ከጠቀስሻቸው ውስጥ ግን አንዱም የለም። ቤታችሁ ውስጥ ያለው ዋናው ችግር ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ከባዶ ሜዳ የመጣ ስላልሆነ እሱን ሳናነሳ ስለ ድንችና ካሮት ብንነጋገር አይጠቅምሽም።

ጓል ያለበት ማንኪያ ልጅሽ አፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለሽ ተመልከቺ። እስካሁን የለመደችው ምግብ ምላሷ ላይ ያርፋል፤ ምላሷ ወደፊትና ወደኋላ ይልና በቀጥታ ወደ ጉሮሮ ይልከዋል። ጡት ስትጠባም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ጓል ሲመጣ ግን ይህ መንገድ አይሠራም። ምላስ ጓሉን ከመሐል አንስቶ ወደ ጎን፣ ወደ ድድ ማሻገር አለበት፤ ድድ ይጨፈልቀዋል፤ ከዚያ ምላስ የተጨፈለቀውን መልሶ ሰብስቦ ለመዋጥ ያዘጋጃል። ይህን ችሎ የሚወለድ ሕፃን የለም፤ በልምምድ ነው የሚመጣው። እስኪለመድ ድረስ ጓሉ ሳይላመጥ ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ሰውነቷ ወደፊት መልሶ ይገፋዋል። «ኧክ» አለች ያልሽኝ ይህ ነው። በሕፃናት አፍ ውስጥ ይህን የሚቀሰቅሰው ቦታ ከእኛ ከአዋቂዎቹ ይልቅ ወደ ምላስ ጫፍ የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ምግቡ ገና ከጉሮሮ ሳይደርስ ይመለሳል። ቦታው ወደኋላ የሚሸሸው ልጅ እያደገ ሲሄድና አፉ የተለያየ ነገር ሲለምድ ነው። እንግዲህ ፊቷ ቀልቶ፣ ዓይኗ አንብቶ ያየሻት ልጅ ራሷን ከመታነቅ እየተከላከለች ነበር ማለት ነው። ማስመለሷም ሆዷ ሞልቶ ወይም ደክሟት ከነበረ የሚጠበቅ ነው።

መታነቅ ከዚህ ይለያል፤ ዋናው መለያውም ዝምታው ነው። የምታስል፣ የምታለቅስ፣ ድምፅ የምታሰማ ልጅ አየር እያገኘች ነው፤ ከአጠገቧ ሳትርቂ እስክታወጣው ታገሻት። አየር ሲዘጋ ግን ሳል አይወጣም፣ ለቅሶ አይሰማም፣ አፏ ተከፍቶ ድምፅ ያጣል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ጠይም በሆነ ልጅ ላይ ለውጡን ከንፈርና ድድ ላይ፣ ጥፍርም ላይ ፈልጊው። ዓመት ላልሞላት ልጅ በዚያ ሰዓት የሚደረገው እንዲህ ነው፦ ክንድሽ ላይ በሆዷ አስተኛት፣ ጭንቅላቷ ከደረቷ ዝቅ ይበል፣ አገጯን በእጅሽ ደግፊው። በሌላው እጅሽ መዳፍ ግርጌ በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል እስከ 5 ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ምቺ። ካልወጣ በጀርባዋ ገልብጫትና የደረቷ አጥንት መሐል ላይ እስከ 5 ጊዜ ወደታች ግፊ። እስኪወጣ እየቀያየርሽ ቀጥዪ፤ አጠገብሽ ያለ ሰው ደግሞ ወዲያው ድንገተኛ ሕክምና ይጥራ። ራሷን ከሳተች የልብና የመተንፈስ እገዛ (ደረቷን እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠት) ወዲያው መጀመር አለበት። በዚህ ዕድሜ ሆድ አይጫንም። አፍ ውስጥ የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አይሰደድም፤ ባሰ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ውኃም አይሰጥም።

ይህን አንብቦ መተው አይበቃም። አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ አማትሽም በአሻንጉሊት ላይ እያለማመደ የሚያሠለጥን የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ፈልጋችሁ ተማሩ። ባለቤትሽን የሚያረጋጋው የእኔ ምክር ሳይሆን እጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቁ ነው። «ተያት» የሚለው ልጁን ስለሚወድ ነው፤ ሥልጠናውን ከወሰደ ግን ከማዕዱ ዳር ተቀምጦ የሚያግዝሽ እሱ ይሆናል።

ወደ አማትሽ ጥያቄ ልምጣ። ልጅ አሳድገው ያዩ ሴት ናቸውና ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱ ግን ከመንጋጋ ነው የሚጀምረው። ቀድመው የሚወጡት የፊት ጥርሶች ሥራቸው መግመጥ ነው። የሚያላምጡት መንጋጋዎች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ13 እስከ 19 ወር ባለው ጊዜ ነው ብቅ የሚሉት። ስለዚህ ጥርስ እንጠብቅ ካልን ልጅቷ ዓመት ተኩል እስኪሆናት የተፈጨ ስትጠጣ ልትኖር ነው። እጅሽን ታጥበሽ ትንሿን ጣትሽን ድዷ ጎን ላይ አሳርፊላት፤ እንዴት አድርጋ እንደምትነክስሽ ስታዪ ስለ ጥርስ ማሰብ ትተያለሽ። በደንብ የበሰለ ካሮት፣ ድንች፣ ዱባ፣ ለስልሶ የተቀቀለ ምስር ለዚያ ድድ ምንም አይደለም።

አሁኑኑ የምልሽ ምክንያት አለኝ። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማና አካባቢዋ በ1991 እና በ1992 የተወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። ጓል ያለው ምግብ ከዘጠኝ ወር በኋላ የተጀመረላቸው ልጆች ቀደም ብለው ከጀመሩት ጋር ሲነጻጸሩ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው አትክልትና ፍራፍሬ የሚበሉት ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ወላጆቻቸውም ስለ አመጋገባቸው የሚያነሱት ችግር የበዛ ነበር። ይህን የምነግርሽ ጊዜው አልፏል ብለሽ እንድትደነግጪ አይደለም። ጥናቱ ስለ ብዙ ልጆች አማካይ ነው የሚናገረው፤ የአንዲትን ልጅ ዕጣ አይወስንም። ደግሞም ከመጀመሪያው መብላት የከበደው ልጅ ነው ጓል የዘገየበት የሚለውንም ማሰብ ያስፈልጋል። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ከስድስት እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ ልጆች አዲስ ነገር አፋቸው ውስጥ ለመቀበል ፈቃደኛ ናቸው፤ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ይጠረጥራሉ፣ ይመርጣሉ። ልጅሽ ገና ፈቃደኛ በሆነችበት ወቅት ላይ ናት።

አሁን ወደ አሠራሩ። ብሌንደሩን ጥለሽ በቀጥታ ወደ ቁራጭ አትሂጂ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያወፈርሽ ሂጂ። ቅጥነቱን መተው ጓል ከመጨመር ይቀድማል። የተለመደ ስህተት አለ፤ እናት ቀጭን ሾርባ ውስጥ ጥቂት የካሮት ቁራጭ ትጨምርና «ይኸው ጓል ሰጠኋት» ትላለች። ሕፃን አፍ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ፈሳሹ ፈጥኖ ወደ ጉሮሮ ይሮጣል፣ ቁራጩ ወደኋላ ይቀራል፤ ልጅቷ በአንድ ጊዜ አንዱን መዋጥ፣ ሌላውን ይዛ ማላመጥ ይጠበቅባታል። ይህ ገና ብዙ ወር የሚቀረው ችሎታ ነው። ድንገት ትን የሚላትም እንዲህ ባለው ምግብ ነው።

እንዲህ አድርጊ። የምትወደውን አንድ ምግብ ምረጪ፤ ዱባ ይሁን፣ ድንች ይሁን፣ ጣዕሙን የምታውቀው ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የምትጨምሪውን ውኃ ብቻ ቀንሺ፤ ማንኪያውን ስታዘነብዪው የማይፈስ፣ ማንኪያው ላይ ቆሞ የሚቀር እስኪሆን። ያንን ስትቀበል ብሌንደሩን ቶሎ አጥፊው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይልም ትንሽ ሻካራ ሆኖ ይቅር። ከዚያ ብሌንደሩን ተዪውና በሹካ ደቁሺ። ሹካው ለስላሳ ወፍራም ነገር ውስጥ ለስላሳ ጓል ይተዋል፤ ጓሉና ዙሪያው ያለው ምግብ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አፏ ግራ አይጋባም። ደረጃ በደረጃ ስትሄዱ አንድ ቀን ወደኋላ ብትመለስ አትዘኚ፤ በማግስቱ ቀጥዪ።

ይህን አዲሱን ምግብ የምትሰጫት ደግሞ ነቅታ፣ መጠነኛ ረሃብ ሲሰማት ይሁን፤ ለአብዛኞቹ ልጆች ይህ ጠዋት ነው። የማታውን ምግብ ለጊዜው በለመደችው ዓይነት ስጫት። እንዲህ ሲሆን ሆዷ እንደሚሞላ ስለምታውቂ ጠዋት አትጨነቂም፤ አንቺ ካልተጨነቅሽ ደግሞ እሷም አትጨነቅም። ሕፃን «ኧክ» ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው የእናቱን ፊት ነው። በዚያች ቅጽበት ፊትሽ ረጋ ብሎ ካየች፣ «አይዞሽ፣ ወጣልሽ» ካልሻት፣ ትቀጥላለች። ብድግ ብለሽ ከወንበሯ መንጭቀሽ ካወጣሻት ግን ጓል የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ተማረች ማለት ነው።

ማንኪያውን አፏ ውስጥ ጠለቅ አድርገሽ አትክተቺ፤ የታችኛው ከንፈሯ ላይ አሳርፊና የላይኛው ከንፈሯ ወርዶ እስኪዘጋ ጠብቂ። ምግቡን ከላይኛው ድድ ጋር እየጠረግሽ መተው ብዙ እናቶች ያለባቸው ልማድ ነው፤ ለልጁ ግን ምንም አያስተምረውም። ከማንኪያው ጎን ለጎን በእጇ የምትይዘው ነገር ስጫት። እዚህ ላይ ነው ያ ሙዝ የሚገምጠው የጓደኛሽ ልጅ የቀደመው፤ ሌላ ምስጢር የለውም፣ እጁና አፉ እንዲተዋወቁ ዕድል አግኝቷል። ካሮት ወይም ዱባ በአዋቂ ጣት ቁመትና ውፍረት ቆርጠሽ ቀቅይ። በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል ያዢው፤ ያለ ትግል ከተጨፈለቀ ለእሷ ይሆናል፣ ካልሆነ እንደገና ጣጅው። ከጭብጧ ወጣ ያለውን ጫፍ ራሷ ወደ አፏ ትወስደዋለች። ካልወሰደች ጫፉን አንቺ ያዢላትና ወደ ጎን፣ መንጋጋ የሚወጣበት ቦታ ላይ አሳርፊላት። ምላስ መሐል ላይ ቢቀመጥ «ኧክ» ያስብላታል፤ ጎን ላይ ሲያርፍ ግን ድዷ ራሱ ይነክሳል፣ ምላሷም ምን እንደመጣ ለማየት ወደዚያ ዞር ይላል። ያ የምላስ ወደ ጎን መዞር ነው የምንፈልገው ሁሉ። በዚህ ዕድሜ በአውራና በሌባ ጣት ቆንጥሮ ማንሳትም እየጀመሩ ስለሆነ፣ ጣቷ እንደፈቀደላት የተቀቀለ አተር የሚያክል ለስላሳ ቁራጭ ፊቷ አስቀምጪላት። አተርን ራሱን ብትሰጫት ጨፍልቀሽ ይሁን።

ትጨማለቃለች። ምግቡን በእጇ ታሻለች፣ ፀጉሯ ላይ ትቀባዋለች፣ ወለል ላይ ትጥላለች። ተያት። በእጁ ያልነካውን ነገር በአፉ ለመቀበል የሚከብደው ልጅ ብዙ ነው፤ መንካቱ ራሱ ግማሽ መንገድ ነው። በየጉርሻው አፏን መጥረግም ተዪ፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ይበቃል። ማንኛውም አዲስ ምግብ አንድ ጊዜ ተተፋ ማለት ተጠላ ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ተቀባይነት እስኪያገኝ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅረብ ሊያስፈልገው ይችላል። በጥቂቱ አቅርቢ፣ አታስገድጂ፣ ሌላ ቀን መልሰሽ አምጪው።

የምትቀመጥበትም ነገር ዋጋ አለው። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እግሯ የሚረግጠው ነገር አግኝቶ፣ ፊቷ ወደ አንቺ ይሁን። ጋለል ብላ፣ በመኪና ውስጥ፣ እየዳኸች ወይም እያለቀሰች አትመግቢያት። አንቺም አብረሻት ብዪ፤ አፍሽን ከፈት እያደረግሽ አላምጪ፣ ትመለከትሻለች።

ስልኩ እንዲቀር ያልኩሽ እንደሆነ ትቆጪ ይሆናል፤ ቢሆንም እለዋለሁ። ዓይኗ ስክሪን ላይ ያለ ልጅ አፏ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም። የተፈጨ ነገር ሲሆን ሳታስበው ትውጠዋለች፤ ጓል ሲመጣ ግን ሳታስበው ስለሚደርስባት ትደነግጣለች። ስለዚህ ጓልና ስልክ አብረው አይሄዱም። በአንድ ቀን መንጠቅ ከከበደሽ ከአዲሱ የጠዋት ምግብ ጀምሪ፤ ያቺ ሰዓት ገና ልማድ አልያዘችምና ስልክ የሌለበት ሰዓት አድርጊያት። ምግቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይለቅ፤ ፊቷን ካዞረች፣ አፏን ከዘጋች አልቋል። ምን፣ መቼ፣ የት እንደምትበላ አንቺ ትወስኛለሽ፤ ምን ያህል እንደምትበላ ግን ለእሷ ተዪላት።

ስለ ብዛቱ ስላልጠየቅሽኝ በአጭሩ ላልፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። በአንድ ጊዜ የ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ግማሽ ያህል ለብዙዎቹ በቂ ነው። ሽግግሩ ላይ ለጥቂት ቀናት ብትቀንስብሽ ጡቷን እየጠባች፣ ዳይፐሯ እየረጠበ፣ እየተጫወተች ከሆነ አትደናገጪ። ከምግብ በፊት ወዲያው አታጥቢያት፤ የጠገበ ልጅ አዲስ ነገር አይሞክርም። ከምግብ ጋር ጥቂት ውኃ በኩባያ ይሰጥ።

እንደ ወተት አቅጥነሽ መስጠትሽ ግን አንድ ሌላ ጉዳት አለው። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 8 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ብትሆን 240 ሚሊ ሊትር አካባቢ ማለት ነው። በውኃ የሞላ ሆድ ለሥጋና ለእንቁላል ቦታ የለውም። በዚህ ዕድሜ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ከእናቷ ማህፀን ይዛው የመጣችው ክምችት ስድስት ወር አካባቢ እያለቀ ይሄዳል፣ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። በአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም ብረት እንዲያገኝ ይመከራል፤ ለአንድ ሙሉ ወንድ የተመደበው 8 ሚሊ ግራም መሆኑን ስታዪ ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ ይገባሻል። የብረት እጥረት ራሱ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ልጁ ባለመብላቱ ያጣል፣ በማጣቱም አይበላም። ስለዚህ በየቀኑ በጣም ለስልሶ የተቀቀለና ደቀቅ ያለ ሥጋ፣ ዓሣ አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ፣ ምስር ወይም ባቄላ ይኑር። ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብሮ ሲገባ የእህልና የጥራጥሬውን ብረት ሰውነት በተሻለ ይቀበለዋል። ሻይ ግን ይከለክለዋልና ለሕፃን አይሰጥ።

እንቁላሉን በተመለከተ እስከ ዓመት ማቆየት የድሮ ምክር ነው፤ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ይሉት ስለነበር አማትሽን አትውቀሺ። አሁን የሚባለው ተቃራኒው ነው። በ2015 ውጤቱ የታተመ አንድ የለንደን ጥናት ለአለርጂ የተጋለጡ ከ600 በላይ ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ፣ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ለውዝ አዘውትረው የበሉት አምስት ዓመት ሲሆናቸው በለውዝ አለርጂ የመያዛቸው ዕድል በ80 ከመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ እንቁላልንም ማዘግየት አይመከርም። አስኳሉም ነጩም ጠንክሮ እስኪበስል ቀቅለሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቂቱ፣ ጠዋት ላይ፣ ሌላ አዲስ ነገር ሳትቀላቅዪ ስጫት። ከባድ የቆዳ ሽፍታ ያለባት ወይም ከዚህ በፊት ምግብ ያሳበጣት ልጅ ከሆነች ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቂ።

የማይሰጠውን ደግሞ ሳልነግርሽ ብቀር ድፍረት የሰጠሁሽ ለክፉ ይሆናል። ሙሉ ለውዝና ሌላ ጠንካራ ፍሬ አምስት ዓመት እስኪሞላት አይሰጥ፤ ከፈለግሽ ልሞ ተፈጭቶ በስሱ ከሌላ ምግብ ጋር ይቀላቀል፣ በማንኪያ ሙሉ ግን አይሆንም፣ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮት፣ ጠንካራ የፖም ቁራጭ አይሆንም። ወይን በቁመቱ አራት ቦታ ይሰንጠቅ። ክብና የሚንሸራተት ነገር ሁሉ የሕፃን የአየር ቧንቧን ልክ አድርጎ ስለሚዘጋ ነው የሚያስፈራው፤ ቋሊማም ቢሆን በቁመቱ እንጂ ክብ ክብ ተደርጎ አይቆረጥም። ማር ዓመት ሳይሞላት በምንም መልኩ አይግባ፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ተህዋሲ የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ጨውና ስኳር አትጨምሪ። የላም ወተት ዓመት እስኪሞላት የጡትን ቦታ ተክቶ ዋና መጠጧ አይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትበላ ብቻዋን አትተያት፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፤ የታነቀ ልጅ ዝም ነው የሚለው፣ ከሌላ ክፍል አይሰማም።

አማትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ ማሸነፍም አያስፈልግሽም። አንድ ጠዋት አብረው ይቀመጡና ካሮቷን ራሳቸው ይስጧት። «እማዬ፣ እንዴት ድዷ እንደሚጨፈልቀው ይዩ» በያቸው። ያዩትን አይክዱም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ካላየሽ የሕፃናት ሐኪም ይያት። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሳትቆዪ የምትሄጂባቸው አሉ፦ ጡት ወይም ውኃ ስትውጥ በየጊዜው ትን የሚላት ከሆነ፣ ከበላች በኋላ ድምፅዋ ውኃ ያዘለ የሚመስል ከሆነ፣ የሳንባ ምች እየደጋገመ ከያዛት፣ ክብደቷ ከቆመ ወይም ከቀነሰ፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ካልቻለች፣ ከምግብ በኋላ ፊቷ ካበጠ ወይም ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ከወጣ። አተነፋፈሷ ከተለወጠ ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ያለ ጊዜዋ የተወለደች ከሆነች ዕድሜዋን ከተወለደችበት ሳይሆን መወለድ ከነበረባት ቀን ቆጥረሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ያን ጊዜ ዘጠኝ ወር ያልነው ሰባት ወይም ስምንት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ስትበላ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ቀርጸሽ፣ የሰባት ቀን ምግቧን ጽፈሽ፣ የክብደት ካርዷን ይዘሽ ሂጂ፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ ልጆች እንደ ቤታቸው አይበሉምና ሐኪሙ ቪዲዮውን ነው የሚፈልገው።